መንተባተብ ውርደት ነውን?

የሰው ልጅ ከሚማራቸው ትምህርቶች መካከል ጀማሪው ብዙ፥ ፈጻሚው ግን ጥቂት የኾነበት ትምህርት ቢኖር የባዕድ ቋንቋ ትምህርት ነው። መጽሐፉን ገዝቶ፥ ደብተሩን አሰናድቶ፥ በመጀመሪያው ሳምንት እንቅልፉን ትቶ የሚተጋው ሰው በሦስተኛው ወር ቢጠየቅ፥ መጽሐፉ አቧራ ለብሶ ተቀምጦ ይገኛል። ምክንያቱ ምንድር ነው ሲባል አንዱ «ዕድሜዬ ገፍቷል» ይላል፤ ኹለተኛው «አእምሮዬ አይቀበልም» ይላል፤ ሦስተኛው «ቋንቋው ራሱ ከባድ ነው» ይላል። ነገር ግን ከነዚህ ከሦስቱ በስተኋላ ተሰውሮ የሚኖር አራተኛ ምክንያት አለ፤ ርሱም እፍረት ነው። ባገሩ የተከበረ፥ በቋንቋው የሚመክርና የሚያስታርቅ ሰው በባዕድ ቋንቋ አፉን በከፈተ ጊዜ እንደ ሦስት ዓመት ሕፃን ይኾናል። ይህንም ከመታገሥ ይልቅ ዝም ማለትን ይመርጣል። እንግዲህ ሊመረመር የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው፤ ላዋቂ ሰው መንተባተብ ውርደት ነውን? ውርደት ካልኾነስ ስለ ምን ያሳፍራል?

ነገሩ በምሳሌ እንዲገለጥ የጃፓንን ቋንቋ ማንሣት ይበቃል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓመተ ምሕረት ወደ ጃፓን ተልከው ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለው መጽሐፋቸው ከጻፉ ወዲህ፥ የዚያ አገር ስም በኢትዮጵያ አንባብያን ዘንድ እንግዳ አይደለም። ቋንቋው ግን እስከ ዛሬ ድረስ ለብዙ ሰው እንደ ታላቅ ተራራ የሚታይ ነው። አኹን በነቀምቴ ወይም በጊምቢ ተቀምጦ ይህን ቋንቋ ሊማር የተነሣ አንድ ወጣት ይታሰብ።

ይህ ወጣት መጽሐፉን በገለጠ ጊዜ ሦስት ዐይነት ጽሕፈት ባንድ ገጽ ላይ ተደባልቆ ያገኛል። አንደኛው ሂራጋና፥ ኹለተኛው ካታካና ይባላል፤ እያንዳንዳቸውም 46 ዋና ዋና ፊደላት አሏቸው። ሦስተኛው ካንጂ የሚባለውና ከቻይና የመጣው ነው፤ ከርሱም ለሕዝብ ጽሕፈት የሚያገለግሉት በ2010 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በወጣው መዝገብ 2136 ናቸው። ይህም አልበቃ ብሎ አንዱ የካንጂ ምልክት ኹለትና ከዚያም የሚበልጥ ንባብ አለው፤ ተራራ የሚለው ምልክት ብቻውን ሲቆም «ያማ» ተብሎ ይነበባል፤ ፉጂ በተባለው ተራራ ስም ላይ ሲጨመር ግን «ሳን» ይባላል። ጀማሪው ይህን ሲያይ ልቡ ይደነግጣል፤ «ይህ ለኔ የተፈጠረ አይደለም» ይላል።

ነገር ግን ድንጋጤው ያላሳየው ብዙ ነገር አለ። ይህ ልጅ በሕፃንነቱ የፊደል ገበታ ይዞ ከ200 የሚበልጡ የፊደል ዘሮችን ለይቶ ያወቀ እንደ ኾነ፥ 46 ፊደል ሊያስፈራው አይገባም። ደግሞም የሂራጋና ፊደል ጠባዩ እንደ ግዕዝ ፊደል ነው፤ ተነባቢውንና አናባቢውን ባንድነት ይሸከማል፤ «ካ» አንድ ፊደል ነው፥ «ኪ» አንድ ፊደል ነው። የዐረፍተ ነገሩም አካኼድ እንደ አማርኛና እንደ ኦሮምኛ ግሡን ከመጨረሻ ያኖራል፤ «እኔ ውኃ እጠጣለሁ» የሚለውን ጃፓናዊው «ዋታሺ ዋ ሚዙ ኦ ኖሚማስ» ሲል፥ ውኃው ከመካከል፥ መጠጣቱ ከመጨረሻ ነው። «ሚዙ» ከሚለው ቀጥሎ የመጣችው «ኦ» የምትሠራው ሥራ በአማርኛ «ውኃን» ሲባል «ን» የምትሠራው ሥራ ነው።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። በንባብ ቤት ልጅን ኹሉ የሚያስጨንቀው ማጥበቅና ማላላት በጃፓንም ቋንቋ ትርጓሜ ይለውጣል። በአማርኛ «ገና» ሲላላ ያልደረሰ ነገር፥ ሲጠብቅ የልደት በዓል እንደ ኾነ ኹሉ፥ በጃፓንኛ «ኪቴ» ሲላላ መምጣትን ይነግራል፤ ሲጠብቅ የፖስታ ቴምብር ነው። የወለጋ ልጅ ደግሞ ከዚህ የሚጨምረው ሀብት አለው። በኦሮምኛ «ለፈ» ባጭር ድምፅ ሲነገር መሬት ነው፤ «ላፋ» በረጅም ድምፅ ሲነገር ለስላሳ ማለት ነው። በጃፓንኛም «ኦባሳን» አክስት ስትኾን፥ ድምፁን አስረዝመው «ኦባኣሳን» ሲሉ አያት ትኾናለች። ይህን ልዩነት ለመስማት ሌላው ሰው ብዙ ወራት ሲደክም፥ በቤቱ ኦሮምኛ እየሰማ ያደገው ልጅ ግን ጆሮው አስቀድሞ ተሠርቶለታል። ስለ አክብሮትም የኾነ እንደ ኾነ፥ «አንተ»ን ከ«አንቱ» ለይቶ ያደገ ሰው፥ ጃፓናዊው ለባልንጀራው መብላት «ታቤሩ»፥ ለሚያከብረው ሰው መብላት ግን «ሜሺአጋሩ» ማለቱን ሲሰማ አይደነቅም።

እንግዲህ የቋንቋው ክብደት ሰው እንደሚፈራው ያህል አይደለም ማለት ነው። ካንጂው ዓመታት ይጠይቃል፤ ነገር ግን ዓመታት የሚጠይቅ ነገር ኹሉ የማይቻል አይደለም። ታዲያ ጀማሪው የሚወድቀው ከምን ላይ ነው? የሚወድቀው አፉን በሚከፍትበት ደጃፍ ላይ ነው። ብቻውን በክፍሉ ተቀምጦ መቶ ቃል ያጠናው ልጅ አንድ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ፊቱ በቆመ ጊዜ መቶው ቃል ከአፉ ይጠፋል። ቢሳሳት ይሣቅበታል፤ ቢሣቅበት ክብሩ የሚጐድል ይመስለዋል። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ተብሎ የተተረተው ለዚህ ዐይነቱ ሰው ነው።

እፍረትን የሚደግፍ ሰው እንዲህ ሊል ይችላል። «ክብር ለሰው ጥበቃው ነው፤ ሽማግሌ፥ ካህን፥ ዳኛ ክብሩን ካልጠበቀ ቃሉ አይሰማም። ደግሞም የተሳሳተ ቃል ሰውን ያስቀይማል፤ ሰውን ከማስቀየም ዝም ማለት ይሻላል።» ይህ ነገር በከንቱ የተነገረ አይደለምና ሊመለስለት ይገባል።

ከነቀምቴ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በኡኬ ገበያ፥ አማርኛ ብቻ የሚያውቅ አንድ እንግዳ እህል ሊገዛ ቢቀርብ፥ በመጀመሪያ የሚማረው ቃል «ሜቃ» የሚለው ነው፤ ስንት ነው ማለት ነው። ይህ እንግዳ ሽምግልና ያለውን ሰው «ኢሲን» ብሎ በአክብሮት መጥራት ሲገባው፥ ባለማወቅ እንደ ልጅ «አቲ» ቢለው በቋንቋው ሕግ ተሳስቷል። ነገር ግን ሽማግሌው የእንግዳውን ፊት አይቶ ይህ አለማወቅ ነው ወይስ ንቀት ነው ብሎ ይለያል። ንቀት በቃል ብቻ አይቀመጥም፤ በዐይን፥ በአቋቋም፥ በልብም ይቀመጣል። አክብሮትም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ተሳስቶ «አቲ» ያለው ትሑት፥ «ኢሲን» የሚለውን ቃል እያወቀ ከሚያሾፍ ሰው ይልቅ የሚያከብር ነው። ደግሞም ያ እንግዳ ወደ ሰው አገር መጥቶ በሰው ቋንቋ ለመናገር መድከሙ ራሱ ታላቅ አክብሮት ነው፤ «ቋንቋህ የኔን ድካም የሚያህል ዋጋ አለው» ማለት ነውና።

ውርደትና ትሕትና በውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ በኹለቱም ሰው ዝቅ ይላል። ልዩነታቸው ይህ ነው፤ ውርደት ሰውን ሌላ ሰው ወይም የገዛ ክፋቱ የሚጥለው አወዳደቅ ነው፤ ትሕትና ግን ሰው ለሚበልጥ ነገር ሲል በፈቃዱ የሚወርደው አወራረድ ነው። ከጕድጓድ ውኃ የሚቀዳ ሰው ዐንገቱን ይደፋል፤ ይህን አይቶ ተዋረደ የሚለው የለም። የሚንተባተብ ተማሪም እንዲሁ ነው። የሚያሳፍረው መንተባተቡ አይደለም፤ የሚያሳፍረው ዐዋቂ መስሎ ለመታየት ያለው ምኞት ነው። ምኞቱ ሲቀር እፍረቱም ይቀራል።

ይህን ነገር የቅኔ ቤት ሥርዐት ከጥንት ጀምሮ ያወቀው ነው። ግዕዝ በእናቱ ጕልበት ላይ የተማረው ሰው ዛሬ የለም፤ ጐጃሜውም፥ ጐንደሬውም፥ ከወለጋ የሄደውም ተማሪ ለግዕዝ ኹሉም ባዕድ ነው። ተማሪው በመጀመሪያ ግሥ ይወርዳል፤ «ቀተለ» «ቀደሰ» እያለ ስምንቱን አርእስት ከነእርባታቸው ይይዛል። ከዚያ በኋላ ኹለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና ቈጥሮ በመምህሩ ፊት ይናገራል። ያ የመጀመሪያ ቅኔ ስሕተት የሞላበት ነው፤ ምስጢሩ ይሳከራል፥ ቤቱ ይሰበራል። መምህሩም ያርመዋል፤ ባልንጀሮቹም ይሰሙታል። በማግሥቱ ሌላ ቈጥሮ ይመጣል። በሥርዐቱ ዘንድ ነውር የሚባለው ተሳስቶ መናገር አይደለም፤ ሳይቈጥሩ መምጣት ነው። ስምንት ቤት ያለውን መወድስ የሚያወርድ ሊቅ ኹሉ በተሰበረች ጉባኤ ቃና በኩል አልፎ የመጣ ነው።

ከዚህ ሥርዐት ጃፓንኛም ቢኾን ሌላ ቋንቋ የሚጀምር ሰው ሊወስደው የሚገባ ምክር አለ።

አንደኛ፥ ከዐይን አስቀድሞ ጆሮን ማስተማር ነው። የንባብ ቤት ሕፃን የመምህሩን ድምፅ ሰምቶ ይደግማል እንጂ ከመጽሐፉ ጋራ ብቻውን አይተውም። ማጥበቅና ማላላቱን፥ ማስረዘምና ማሳጠሩን ጆሮ ካልያዘው መጽሐፍ አይሰጠውም።

ኹለተኛ፥ ምርኵዝን በጊዜው መጣል ነው። ጃፓንኛን በግዕዝ ፊደል ወይም በላቲን ፊደል እየጻፉ ማጥናት ለጥቂት ቀን ይረዳል፤ ከዚያ ወዲያ ግን እግርን ያሰንፋል። አስቀድሞ ሂራጋናን፥ ቀጥሎ ካታካናን በእጅ እየጻፉ መያዝ፥ ካንጂውንም በየጥቂቱ ከቃሉ ጋራ መጨመር ይገባል። ካንጂን ከቃል ለይቶ እንደ ሥዕል ብቻ ማጥናት፥ ገለባውን ወስዶ እህሉን መተው ነው።

ሦስተኛ፥ የግሡን አርእስት መፈለግ ነው። ግዕዝ በስምንት አርእስት እንደ ተሰበሰበ፥ የጃፓንኛ ግሥም በኹለት ታላላቅ ወገኖች ይሰበሰባል፤ ከሥርዐቱ የሚወጡት ዋናዎቹ ኹለት ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ማድረግ የሚለው «ሱሩ»ና መምጣት የሚለው «ኩሩ» ናቸው። አርእስቱን የያዘ ሰው አንድ ቃል ሲማር ዐሥር ቃል ይማራል፤ አርእስቱን ያልያዘ ግን ዐሥሩን ሲያጠና አንዱም አይቀርለት።

አራተኛ፥ ጥቂት መውሰድና ብዙ መከለስ ነው። በቀን አምስት ቃል ይዞ በማግሥቱ፥ በሦስተኛው ቀን፥ በሳምንቱም የሚከልስ ሰው፥ ባንድ ሌሊት ኀምሳ ቃል ውጦ ከሚያድረው ይበልጣል። ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል።

አምስተኛ፥ በየቀኑ መቍጠር ነው። ኹለት አጫጭር ዐረፍተ ነገር ከራስ ልብ አውጥቶ ለሚያርም ሰው ማቅረብ ነው። የሚያርም ሰው በአጠገብ ባይገኝ እንኳ ድምፅን ከፍ አድርጎ መናገርና የተናገሩትን ከመጽሐፉ ጋራ ማስተያየት ይገባል። አንድ መጽሐፍ ይዞ ሳይፈጽሙ ወደ ሌላ መጽሐፍ መዝለልም ጕድጓዱን ግማሽ ቈፍሮ ሌላ ጕድጓድ እንደሚጀምር ሰው መኾን ነው፤ ብዙ አፈር ይወጣል፥ ውኃ ግን አይገኝም።

ስድስተኛውና ከኹሉ የሚከብደው፥ ከታናሽ መማር ነው። ለዚህም የነቀምቴ ታሪክ ራሱ ምስክር አለው፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ኹሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አናሲሞስ ነሲብ በኢሉባቦር በሑሩሙ አጠገብ ተወለደ። የልጅነት ስሙ ሂካ ነበረ፤ ትርጓሜውም በኦሮምኛ የሚፈታ፥ የሚተረጕም ማለት ነው። ገና ልጅ ሳለ ባሪያ ፈንጋዮች ወስደው ሸጡት፤ ከጌታ ወደ ጌታ ሲተላለፍ ኖሮ በምጽዋ ነጻ ወጣ። በዚያም በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት በእምኩሉ ተማረ፤ በ1872ም ሲጠመቅ ሐዋርያው ጳውሎስ ስለ ርሱ መልእክት የጻፈለትን የዚያን ባሪያ ስም ተቀበለ። ከዚያም ወደ ስዊድን ሄዶ አምስት ዓመት ያህል ተምሮ ተመለሰ። በሃይማኖት ትምህርት በርሱና በኦርቶዶክሳውያን ካህናት መካከል ክርክር እንደ ነበረ የታወቀ ነው፤ ያ ክርክር ስፍራው ሌላ ነው። ስለ ቋንቋ የደከመው ድካም ግን ማንም ሊመለከተው የሚገባ ነው።

ይህ ሰው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ሊመልስ በተነሣ ጊዜ አንድ መራራ ነገር አገኘ። በልጅነቱ ካገሩ ተለይቷልና የእናቱ ቋንቋ ለዚያ ሥራ የሚበቃውን ያህል አልነበረውም። በውጭ አገር ቋንቋ የተማረ መምህር በገዛ ቋንቋው ጀማሪ ኾነ። ለአንድ ሰው ከዚህ የሚበልጥ የእፍረት ምክንያት ሊታሰብ አይቻልም። ባዕድ ቋንቋ አለማወቅ ለሰው ኹሉ የተሰጠ ነው፤ የእናትን ቋንቋ መርሳት ግን ልብን ያቈስላል።

በዚያው በእምኩሉ አስቴር ጋኖ የምትባል አንዲት ወጣት ነበረች። እርስዋም ለሊሙ እናርያ ንጉሥ ባሪያ ኾና የኖረች፥ በ1886 ወደ ዐረብ አገር ልትሸጥ በባሕር ላይ ስትወሰድ የኢጣልያ መርከብ ያስጣላት ናት። በዕድሜ ከአናሲሞስ በብዙ ታንሳለች፤ በትምህርት ቤቱም ተማሪ ነበረች። ኦሮምኛው ግን በአፏ ሙሉ ነበረ። አናሲሞስ ይህን ባወቀ ጊዜ ክብሩን አላሰበም፤ የቃላት መዝገብ እንድታሰናዳ አደረገ፥ የትርጕሙንም ሥራ በርስዋ ዕውቀት አቀና። አዲስ ኪዳን በ1893 ታተመ። በ1894 ለጀማሪ አንባብያን የሚኾን መጽሐፍ በኹለቱ ድካም ወጣ፤ አስቴርም ከቃል የሰበሰበቻቸው ተረቶች፥ እንቈቅልሾች፥ ምሳሌዎችና ዘፈኖች 500 ያህል ነበሩ። መላው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በስዊስ አገር ታተመ። በ1904 ኹለቱም ወደ ወለጋ መጡ፤ የነቀምቴው ገዢ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔርም በክብር ተቀበሏቸው። አናሲሞስ በ1931 ዐረፈ፤ አስቴርም እስከ 1964 ኖራለች።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ታሪክ ከወዲያም ከወዲህም ተመልከተው። አናሲሞስ ዐፍሮ ዝም ቢል ኖሮ፥ ወይም «እኔ መምህር ነኝ፤ ከተማሪ ልጅ አልማርም» ቢል ኖሮ፥ የተማረው ኹሉ በስዊድን ቋንቋ ተቈልፎ በቀረ ነበር። ስሙ የሚፈታ ማለት የኾነ ሰው፥ መፍታት የቻለው ርሱ ራሱ በሌላ እጅ ለመፈታት በፈቀደ ጊዜ ነው።

ነገር ግን ሸክሙን ኹሉ በጀማሪው ጫንቃ ላይ መጫን ፍርድ ማጓደል ነው። የሚሰማውም ሰው ዕዳ አለበት። ሣቅ ኹለት ዐይነት ነው፤ አንዱ ሕፃን ሲኮላተፍ እናቱ የምትሥቀው የደስታ ሣቅ ነው፤ ኹለተኛው ሰውን ከደጅ የሚመልስ የንቀት ሣቅ ነው። በወለጋ ብዙ ዘመን ትምህርት በአማርኛ ሲሰጥ፥ በቤቱ ኦሮምኛ ብቻ የሰማው ሕፃን ወደ ትምህርት ቤት ሲገባ ሒሳብንና ባዕድ ቋንቋን ባንድ ቀን ይጀምር ነበር። በአነጋገሩ የተሣቀበት ልጅ አማርኛን ብቻ አልጠላም፤ ትምህርትንም ጠላ፤ ማን ያውቃል፥ ስንት ብሩህ አእምሮ በአንድ የንቀት ሣቅ ጠፍቷል? ከ1991 ወዲህ ደግሞ ኦሮምኛ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቋንቋ ኾኗል፤ ጽሕፈቱም በላቲን ፊደል ነው። ዛሬ በነቀምቴ በቤቱ አማርኛ የሚናገር ሕፃን በተራው የኦሮምኛ ጀማሪ ይኾናል። ትናንት የተሣቀበት ሰው ልጅ ዛሬ እንዳይሥቅ፥ ትናንት የሣቀውም ሰው ልጅ ዛሬ መንተባተብን እንዳይንቅ መምከር የወላጅና የመምህር ሥራ ነው። በቋንቋ ሀብታም የኾነ ሰው ለድኻው እጁን ይዘረጋለታል እንጂ በድኽነቱ አይዘባበትበትም።

እንግዲህ ለተነሣው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። መንተባተብ ውርደት አይደለም፤ ዐዋቂ ሰው ወደ ሌላ ሰው ቤት ሲገባ ደጃፉ ዝቅተኛ ስለ ኾነ ጐንበስ ማለቱ ነው። ጐንበስ ያላለ ግንባሩን ይመታል፥ ወይም ከውጭ ይቀራል። የቤቱም ባለቤት የሚገባውን እንግዳ እጁን ይዞ ያግባው እንጂ በመጐንበሱ አይሣቅበት። ጀማሪው ሰውዬም ዛሬ የተሰበረችውን ቃል ሳያፍር ይናገር፤ ነገ የምትቃናው ዛሬ የተሰበረችው ናትና። ያልተነገረች ቃል ግን ማንም አያርማትም።